ህንድን ሶማሌ ቤት ያስገባው ዩቲዩብ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር ሰንብቷል። ወንድሜ ላከልኝ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ላከችልኝ፣ በኋላም የማላውቀው ሰው ላከልኝ። የጸሐፊውን ስም አልጠራም። ጠቤ ከሰውየው ጋር አይደለም፣ ጥሩ ብዕር አለው። ጉዳዩ በሶማሊኛ ድምፅ የተሠሩ የህንድ ፊልሞች ናቸው። በጅግጅጋ፣ በሀርጌሳ፣ በሞቃዲሾ፣ በናይሮቢው ኢስሊ፣ በሚኒያፖሊስ፣ ሶማሌ ባለበት ሁሉ «ሂንዲ አፍ ሶማሊ» (የህንድ ፊልም በሶማሊኛ) የሚለውን ፍለጋ ስልክ ላይ የማይጽፍ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ጸሐፊው ይህ ለምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል፤ ራሱም ይመልሳል። መልሶቹ ናቸው ያላስማሙኝ።

የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ይህ ፍቅር ስልክና ዩቲዩብ የወለዱት የትናንት ፋሽን ነው። ሰዉ በራሱ ቋንቋ ካልሆነ የማያየው ማንበብ ስለማይችልና ለቁም ነገር ፊልም ትዕግሥት ስለሌለው ነው። ሙስሊም ሕዝብ የሂንዱ ቤተ መቅደስና የዳንስ ትዕይንት ሲያይ መዋሉ ማንነቱን መጣሉን ያሳያል። ዳቢንጉ፣ ማለትም የፊልሙን ንግግር በሶማሊኛ ድምፅ መተካቱ፣ ሶማሊኛን እያበላሸ፣ የሶማሌንም ፊልም እየገደለ ነው። ነገሩ ሁሉ ደግሞ ስርቆት ነው፤ የሚወደደውም በነጻ ስለሚገኝ ነው። በመጨረሻ ወደ እኛ ይዞርና የሶማሌ ክልል ወጣት የአማርኛ ፊልም ትቶ የህንድ ማየቱ ከአገሩ እያራቀው ስለሆነ «አንድ ነገር መደረግ አለበት» ይላል።

ከጻፈው ልክ የሆነም አለ። ቦታው ሲደርስ እላለሁ። እኔ ድሬዳዋ ያደግሁ ነኝ፤ ሶማሊኛዬ የጎረቤት ሶማሊኛ ነው፤ ፊልሞቹንም ያየሁት በጎረቤት ሳሎን ነው። ሊቅ ነኝ አልልም። ግን ጸሐፊው የሚያወራለትን ሳሎን አውቀዋለሁ።

በ«የትናንት ፋሽን» ልጀምር። እዚህ ላይ የሳተው በጥቂት ዓመት ቢሆን ዝም እል ነበር። የሳተው በትውልድ ነው።

የሶማሌ ጠረፍና ህንድ የሚተዋወቁት በባሕር ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1850ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች እጽፋለሁ) የሶማሌ ወደብ በርበራ ሲደርስ ከህንድ የመጡ የባንያን ነጋዴዎች ገበያውን ለምደውት ነበር። ከባሕሩ ማዶ ያለችው የየመኗ ወደብ ኤደን እስከ 1937 ድረስ የብሪታንያ ህንድ አካል ነበረች። የብሪታንያዋ ሶማሊላንድ ራሷ እስከ 1898 ድረስ የምትተዳደረው በህንድ መንግሥት በኩል ነበር። ሩፒ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሀርጌሳና የበርበራ ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል። በጣልያን ሶማሊያም እስከ 1925 ድረስ ሰው የሚገበያይበት ገንዘብ ስሙ ሩፒያ ነበር። ሰው ለሦስት ትውልድ በሩፒ ጨው፣ ስኳርና ጨርቅ ከገዛ በኋላ ፊልሙም በዚያው መንገድ ቢመጣ ምን ይገርማል?

ሲኒማም ቢሆን አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በቦረማ አካባቢ አብዲ ዴቅሲ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። «ባልዎ» የሚባለውን አጭር የፍቅር ዘፈን የጀመረው እሱ ነው፤ የዘመናዊው የሶማሌ ሙዚቃ አባት ከሚባሉትም አንዱ ነው። ሰዉ ያወጣለት ቅጽል ስም «ሲኒሞ» ነው፣ ከሲኒማ። ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ነው እንዲህ ያሉት። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ጠረፍ፣ ለአንድ ተጫዋች ሰው ሲኒማ ብሎ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ሲኒማ ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዘመኖች ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይነግሩታል። ከ1991 በፊት በሞቃዲሾ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ትልቅ ነገር ነበር። ዳቢንግ አልነበረም፤ ሰዉ በሂንዲ ነው የሚያየው። ከፊልም ብቻ ሂንዲ የለመዱ፣ ዘፈኑን ከነግጥሙ የሚያወርዱ ሰዎች ዛሬም አሉ። አሚታብ ባቻን በሶማሌ ዘንድ ስሙ «ዓሊ ዴሬ» ነው፣ ረጅሙ ዓሊ እንደማለት። ለአንድ የቦምቤ ተዋናይ ሠፈር ውስጥ እንዳደገ ልጅ ስም ማውጣት በዩቲዩብ የመጣ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹና 80ዎቹ በተቀዱ የሶማሌ ዘፈኖችም የህንድ ዜማ ይሰማል። ጆሮ ያለው ይስማው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው ልስጠው። ዳቢንጉ በዚህ ስፋት፣ በየሳምንቱ አዲስ ፊልም እየተለቀቀ፣ በርግጥ አዲስ ነው። ስልክ ባይኖር እንዲህ አይስፋፋም ነበር። ነገር ግን ስልኩ ያገኘው የቆየ ፍቅር ነው። የሶማሌ ቤት ከሲኒማ ወደ ቪዲዮ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ዕቃው ያው የህንድ ፊልም ነበር።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ሁሉንም «ቦሊውድ» ማለቱም ትክክል አይደለም። ዛሬ «ሂንዲ» እየተባለ በሶማሊኛ ከሚታየው ብዙው ቦሊውድ ካለባት ከሙምባይ (ከድሮዋ ቦምቤ) የመጣ አይደለም። ከደቡብ ህንድ፣ በቴሉጉና በታሚል የተሠራ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሂንዲ ነው ብለው የሚምሉለት ፊልም ሀይደራባድ የተሠራ ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ ግድ የለውም። ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ ሰው ግን ግድ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፣ «ማንበብ ስለማይችሉ ነው» ወደሚለው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተናድጃለሁ። ግን ንዴት መልስ አይሆንም፤ ምሳሌ ልደርድር።

ጣልያን፣ ጀርመንና ስፔን የውጭ ፊልም በራሳቸው ቋንቋ ድምፅ ነው የሚያዩት። ሲኒማ ቤት ገብቶ የሆሊውድ ተዋናይ ጣልያንኛ ሲናገር መስማት ለሮም ሰው ተራ ነገር ነው። ጀርመኖች ማንበብ አይችሉም ያለ ሰው የለም። ወደ ሚኒያፖሊስና ወደ ለንደን ደግሞ እንሂድ። እዚያ ያደገ ሶማሌ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ቅዳሜ ማታ ከእናቱ ጋር ሲቀመጥ ግን በሶማሊኛ የሚያወራውን የህንድ ተዋናይ ሻህሩክ ካንን ነው የሚከፍተው። ይህን በመሃይምነት እንዴት እናብራራዋለን?

ሌላም አለ። ሰዉ ምንም ትርጉም በሌለበት ዘመን ፊልሞቹን ወዶ ከነበረ፣ ፍቅሩ ከንባብ ጋር ምን አገናኘው? ሶማሌ በዚህ ብቻውን አይደለም። በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ፣ ሐውሳዎች የሊባኖስ ነጋዴዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያስመጡላቸውን የህንድ ፊልም ቋንቋውን ሳይሰሙ ለአሥርት ዓመታት አይተዋል፤ የራሳቸው ፊልም ሲጀመርም ዘፈንና ዳንሱን ይዞ ነው የተወለደው። በሶቪየት ኅብረት በ1954 የህንዱ ራጅ ካፑር ፊልም በሩሲያኛ ድምፅ ሲታይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ትኬት ተሸጧል። ያ ሕዝብ ከዓለም አንባቢዎች አንዱ ነበር።

በርግጥ በሶማሊያ ንባብ ትልቅ ችግር ነው። ቋንቋው በይፋ የሚጻፍበት ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። ከንባብ ዘመቻው በኋላ ደግሞ ጦርነቱ ትምህርት ቤቶቹን አፈራረሰ። ስለዚህ ግርጌ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ አያቶች በድምፁ ምክንያት ወደ ፊልሙ ገብተዋል። እውነት ነው። ይህ ግን ለእኔ የዳቢንጉ ወንጀል ሳይሆን ውለታው ነው።

«ለቁም ነገር ፊልም ትዕግሥት የለውም» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ፊልም ተቀምጦ የሚጨርስ ሕዝብ ትዕግሥት ጎደለው ሲባል እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ህንድ? ለምን ቻይና፣ ለምን አሜሪካ አልሆነም? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ዘሎታል። የጉዳዩ እምብርት ግን ይህ ነው።

ሶማሌዎች ከሲኒማ በፊት የነበራቸው ትልቅ ጥበብ ግጥም ነው። እኛ ግጥም መጨረሻው ላይ ቤት ካልመታ ግጥም አይመስለንም። እነሱ ደግሞ ድምፁን መነሻው ላይ ይፈልጉታል፦ ግጥሙ በ«ደ» ከተጀመረ በየስንኙ በ«ደ» የሚነሳ ቃል መኖር አለበት፣ እስከ መጨረሻው። ይህ ሕግ ወደ ቲያትራቸውም ገብቷል። «ሪዋያድ» ይሉታል። ሪዋያድ ውስጥ ተዋናዩ ያወራል፣ ነገሩ ሲጋጋል ወደ ግጥም ይሻገራል፣ ስሜቱ ከግጥምም ሲያልፍ ይዘፍናል። ከዚያ ተመልሶ ያወራል። የሐሰን ሼኽ ሙሚንን የ1968 ዝነኛ ተውኔት «ሸቤል ናጎድ»ን ብንወስድ፣ አንድ አታላይ ወንድ አንዲት ልጅን በሐሰት ጋብቻ ያታልላል፤ ታሪኩ በዘፈንና በግጥም ይጓዛል፤ ከተማው፣ ቤተሰቡ፣ ክብሩ፣ ሁሉም ይፈተሻል። ካሜራ ቢቆምለት የህንድ ፊልም አይሆንም?

አሜሪካዊ ፊልም ላይ ሰው መሐል መንገድ ቆሞ ሲዘፍን ለብዙ ተመልካች ያስቃል። ለሶማሌ ተመልካች ግን ጀግናው አፉን ሞልቶ ማውራት አቅቶት ወደ ዘፈን ሲሻገር የሚያውቀው ነገር ነው የሆነው። ታሪኩም ቅርብ ነው። ወላጅ ያልፈቀደው ጋብቻ፣ በዘር የማይገናኙ ሁለት ቤቶች፣ ለእናት የተማለ መሐላ፣ በልጅነት የተለያዩ ወንድማማቾች፣ ሀብታም የቀማው መሬት፣ የአባት ደም። ጎሣና ቤተሰብ ትርጉሙን ላልጣለ ሕዝብ ይህ የውጭ ታሪክ አይደለም። ልጅ በሰላም ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ብቻውን አፓርታማ ተከራይቶ ስለሚጨነቅበት ፊልም ግን እኔም ብሆን የጎረቤቶቼን እናት ማስረዳት ይከብደኛል።

እንግዲህ ዳቢንጉ ያደረገው ይህ ነው፦ የቆየ ዝምድና ላይ ድምፅ ጨመረ። ጥሩ ድምፅ ሰጪ ሲያገኝ የህንዱ ሽማግሌ እንደ ሶማሌ ሽማግሌ በምሳሌ ይናገራል፤ ተሳዳቢው ሶማሌ እንደሚሳደበው ይሳደባል። ሳሎኑ የሚስቀው በዚያ ነው። ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ በሂንዲ እንዳለ ይታለፋል።

ሦስተኛው የሃይማኖት ነገር ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ተቆርቋሪ መስሎ ይናገራል፤ እውነትም በሶማሌዎች መካከል ይህን ተቃውሞ የሚያነሱ ብዙ ናቸው። ሼኾች ይናገራሉ፤ ወላጆችም ይናገራሉ። ዳንሱ ሲመጣ ሪሞት የሚያነሳ አባት ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይህን ማክበር ይገባል። ግን «ማንነቱን ጥሏል» ማለት ሌላ ነው።

በ1940ዎቹ የአብዲ ሲኒሞ ባልዎ ሲመጣም ሼኾች ኃጢአት ነው ብለው በግጥም ሳይቀር አውግዘውታል። ዛሬ ያው ባልዎና ከእሱ የተወለደው «ሄሎ» የሶማሌ ቅርስ ተብሎ በኩራት ይነገርለታል፤ ያወገዙት ሰዎች የልጅ ልጆችም ይዘፍኑታል። በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩ በኃይል ተሞክሯል። በ2006 የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ደቡብ ሶማሊያን ሲይዝ ቪዲዮ ቤቶችን አዘግቷል፤ ከዚያ የመጣው አልሸባብ ከዚያ የባሰ ነበር። ሰው ፊልም ያየው ቤቱን ዘግቶ ነው እንጂ ማየቱን አልተወም። ጾሙንም፣ ሶላቱንም አልተወም።

የህንድ ፊልምን «የሂንዱ ፊልም» ማለትም ጉድለት አለው። ዲሊፕ ኩማር ተብሎ የሚታወቀው ታላቅ ተዋናይ ትክክለኛ ስሙ ዩሱፍ ኻን ነው። ሻህሩክ፣ ሳልማን፣ ኣሚር፣ ሦስቱም ኻኖች ሙስሊም ናቸው። የድሮው የሂንዲ ፊልም ዘፈን ግጥም በአብዛኛው የኡርዱ ግጥም ነው፤ ከገጣሚዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የካኖ ሐውሳዎችም ሙስሊሞች ናቸው። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ማንነቱን ጣለ ማለት ከፊልሞቹ ታሪክ በላይ ለማመን የሚከብድ ታሪክ ነው።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ከሁሉም የተሻለ የተከራከረው እዚህ ነው።

ዳቢንጉ ቋንቋ ያበላሻል ይላል። መጥፎ ዳቢንግ እንዳለ እመሰክራለሁ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ። አንድ ሰው አባትም፣ ልጅም፣ ፖሊስም፣ ሙሽራም ሆኖ በአንድ ድምፅ ያወራል። ከጀርባ ያለው ሙዚቃ ከንግግሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ሰዉ በር ሲዘጋ በሩ ድምፅ የለውም። ትርጉሙ የተቸኮለበት ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሶማሊኛ ሆኖ ሶማሊኛ የማይመስልበት ጊዜም አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በኬንያ ዲጄ አፍሮ በስዋሂሊና በሼንግ (በናይሮቢ ወጣቶች ቅይጥ ቋንቋ) ፊልም እየተረከ ብቻውን ሁሉንም ሰው ሆኖ ያወራል፤ በካምፓላ የቪዲዮ አዳራሾችም ተራኪዎቹ በሉጋንዳ ያንኑ ያደርጋሉ። ስዋሂሊም ሉጋንዳም አልሞቱም። ሰዎቹ ታዋቂ ሆኑ እንጂ። በሶማሊኛም ከጊዜ በኋላ ሴቶች ገቡ፣ ለየገጸ ባሕርይው የተለያየ ሰው መመደብ ተጀመረ፣ ጥራቱ ከፍ አለ። ሥራ የሚሻሻለው እየተሠራ ነው።

ቶሮንቶ ወይም ኦስሎ የተወለደውን ልጅም እናስብ። ሶማሊኛን የሚሰማው ከእናቱ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ና፣ ብላ፣ ተነሳ፣ መብራት አጥፋ። በሶማሊኛ የሚፈራ፣ የሚዋሽ፣ የሚያፈቅር፣ የሚምል፣ የሚለምን ሰው የት ይሰማል? እዚህ ፊልም ላይ። ቋንቋን ከሚያበላሹት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ይህን አንደኛ ማድረግ አልችልም።

ይልቅ ጸሐፊው ሊያነሳው ሲችል ያላነሳው ከባድ ትችት አለ። እኔ ላንሳለት። የሶማሊኛ ዳቢንግ ማለት በተግባር «ማሐ ቲሪ» የሚባለው የቋንቋው ዘዬ ነው። በደቡብ ሶማሊያ፣ በባይና በባኮል፣ በጁባና በሸበሌ ወንዞች መካከል ያለው ሕዝብ የሚናገረው «ማይ» ነው፤ ሁለቱ በቀላሉ አይግባቡም። የ2012ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም በስም ጠርቶ የአገሪቱ ቋንቋ ናቸው ይላል። ፊልሙ ላይ ግን ማይ የሚናገር ጀግና የት አለ? ስለ ቋንቋ መቆርቆር ከሆነ እዚህ ጋ ነው መቆርቆር። ባይ ውስጥ ላለችው የባይደዋ ከተማ ሴት ሻህሩክ ዛሬም የሚያወራው በሌላ ሰው ቋንቋ ነው።

የሶማሌን ፊልም ገደለ የሚለው ደግሞ ጊዜውን ስናይ አይቆምም። የሞቃዲሾ ሲኒማ ቤቶች የተዘጉት በ1991 መንግሥቱ ሲፈርስ ነው። ያኔ የሶማሊኛ ዳቢንግ የሚባል ኢንዱስትሪ አልነበረም። ብሔራዊ ቲያትሩ ተጠግኖ ተከፍቶ በሚያዝያ 2012 ቦምብ ፈነዳበት። እዚያ ቤት ፊልም ለሕዝብ የታየው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2021 ነው፤ የታዩትም የሶማሌ አጫጭር ፊልሞች ነበሩ። ገዳዩን ፈልገን ከሆነ ፖሊስ ሻህሩክን አስሮ ሊሄድ አይችልም።

ደግሞም ሞተ የተባለው ፊልም እየተነሳ ነው። በ2021 የካዳር አይድሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ትልቁን ሽልማት ወሰደ፤ ሶማሊያም ለኦስካር ፊልም ስትልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በ2024 የሞ ሐራዌ ፊልም የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል ገባ፤ በዚያ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የመጀመሪያው የሶማሌ ፊልም ነው።  ዛሬ የሶማሌ ፊልም ሠሪዎች የጎደላቸው ተመልካች አይደለም፣ ሲኒማ ቤትና ገንዘብ ነው። የዳቢንጉ መንደር ደግሞ አንድ ነገር አዘጋጅቶ ቆይቷቸዋል፦ ማይክ የለመደ ሰው። ድምፅ የሚቀዳ፣ ንግግር የሚያስተካክል፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት የሚያስረክብ። የፊልም ትምህርት ቤት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስርቆት ነው የሚለውን አልከራከረውም። አብዛኛው የሚዞረው ያለ ፈቃድ ነው። ፊልሙን የሠራው ኩባንያ አንድ ሳንቲም አያገኝም፤ ያስጨንቃል። ድምፁን የሰጠውም ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ አይጻፍለትም፤ ይህኛው እኔን የበለጠ ያስጨንቀኛል። ነገር ግን «ነጻ ስለሆነ ነው የሚወዱት» የሚለው አይከተልም። ስልክ ላይ ነጻ ያልሆነ ምን አለ? የቻይናውም፣ የናይጄሪያውም፣ የኮሪያውም በነጻ ሞልቷል። ሰዉ ከዚያ ሁሉ መሐል ነው የሚመርጠው። ሌላው ጥያቄ ደግሞ፣ ሰውየው በሶማሊኛ የሚያወራ የህንድ ፊልም ገንዘብ ከፍዬ ልግዛ ቢል ከባለቤቱ መግዛት ይችላል ወይ? መክፈያ አልጠፋም። ሀርጌሳ ላይ ዛድ የሚባለው የሞባይል ገንዘብ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ ሰው ሻይ እንኳ በስልክ ነው የሚከፍለው። ሙምባይ ያሉት ሻጮች ይህን ገበያ አንድ ቀን ቢያዩት ስርቆቱ ራሱ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን። የሶማሌ ክልል ወጣት የአማርኛ ፊልም አለማየቱ ከአገሩ አራቀው ወደሚለው።

በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር አዲስ አበባ ምን እንደሆነች እናስታውስ። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ገባ። ከተማው በማታ ጸጥ አለ። የኛ አርቲስቶች ባህል ሊጠፋ ነው፣ ሥራችን ሊሞት ነው ብለው ተቃወሙ፤ የዛሬው ጸሐፊ ስለ ሶማሌ የሚለውን በሙሉ ያኔ ስለኛ ብለውት ነበር። ባሕር ዳር ያለች ሴት የቱርክ ሙሽራ በአማርኛ ስታለቅስ አይታ አብራ ስላለቀሰች ከአገሯ ራቀች ያላት ሰው ግን አልሰማሁም። ጅግጅጋ ያለችው ሴት የህንድ ሙሽራ በሶማሊኛ ስታለቅስ አይታ ካለቀሰች ግን ጉዳዩ የአገር ጉዳይ ሆነ። ልዩነቱ ምንድነው? ጸሐፊው ይህን በግልጽ ቢመልስ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ ለነገር ፍለጋ አይደለም።

የጅግጅጋ ሰው ከሀርጌሳና ከኬንያዋ ጋሪሳ ሰው ጋር አንድ ፊልም በአንድ ሳምንት ማየቱ እውነት ነው። ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ ነው። የዳቢንጉ ገበያ ድንበር የለውም፤ ኬላ ላይ የሚያቆመው ፈታሽም የለም። ከዚህ በላይ ትርጉም የሚሰጠው ሰው ራሱ ነው የሚያመጣው።

«አንድ ነገር መደረግ አለበት» ላለው ግን መልስ አለኝ። የአማርኛ ፊልም ጅግጅጋ ውስጥ እንዲታይ ከተፈለገ በሶማሊኛ ድምፅ ይሠራ። እስከ ዛሬ ጅግጅጋ ሳሎን ውስጥ በሶማሊኛ የሚያወራ የአማርኛ ፊልም ተከፍቶ አላየሁም። ሰው ያላቀረቡለትን ምግብ አልበላም ተብሎ አይከሰስም። ድምፅ ሰጪዎቹ አሉ፤ ስቱዲዮዎቹ አሉ፤ ዋጋውም አንድ ዘፈን ክሊፕ ከሚያስወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም። አስቂኝ ፊልሞቻችንን ለመጀመሪያ አልመክርም። የኛ ቀልድ ግማሹ በአነጋገር ዘዬና በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ነው፤ መንገድ ላይ ይፈስሳል። የቤተሰብ ታሪክ ይሻላል። ወላጅ ያልፈቀደው ጋብቻ ያለበት፣ እናት የምትምልበት፣ ሀብታሙ መሬት የሚቀማበት። እሱ ደግሞ አይጠፋንም። ዘፈኑን በአማርኛ እንዳለ ይተዉት፤ የህንዱንም እንዲሁ ነው የሚተዉት። ከመለቀቁ በፊት አንድ ማታ ጅግጅጋ ወስደው ለእናቶቹ ያሳዩ። ካልወደዱት እዚያው ይነግሯቸዋል።